የቀላል ዴስክቶፕ ገጽታ ታሪክ

በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የመስኮቶችን፣ የአዝራሮችንና የአዶዎችን መልክ ተጠቃሚው እንደፈለገ መለወጥ የሚችለው፣ በስክሪኑ ላይ የሚሥለው ሥርዓትና መልኩን የሚወስነው ፕሮግራም ገና ከጅምሩ ተለያይተው ስለተሠሩ ነው። ይህ መለያየት ሊኑክስን ራሱን ይቀድማል። መነሻው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በ1984 የተጀመረው ኤክስ የተባለ የመስኮት ሥርዓት ነው፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቦብ ሻይፍለርና ጂም ጌቲስ ኤክስን ሲጀምሩ ተቋሙ አቴና በተባለ ፕሮጀክት ከተለያዩ ኩባንያዎች የተገኙ ኮምፒውተሮችን በአንድ መረብ አገናኝቶ ለተማሪዎች ለማዳረስ እየሠራ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ማሽኖች ላይ መሥራት ያለበት ሥርዓት ስለ መልክ አስቀድሞ ቢወስን አይበጀውም። ስለዚህ የኤክስ ሥራ መስኮት መክፈት፣ መስመርና ፊደል መሣል፣ የማውዝንና የኪቦርድን እንቅስቃሴ ለፕሮግራሞች ማድረስ ብቻ ሆነ። የመስኮቱ ጠርዝ ምን ይመስላል፣ መዝጊያው አዝራር በየት በኩል ይቀመጣል፣ ሜኑው ምን ቀለም ይኑረው የሚለው ጥያቄ ለሌሎች ተተወ።

በዚያው ዓመት ለገበያ የቀረበው የማኪንቶሽም ሆነ በቀጣዩ ዓመት የወጣው የዊንዶውስ መልክ የሚወሰነው በሠሪው ኩባንያ ነበር። የኤክስ ውሳኔ ለዓመታት ነቀፌታ አላጣውም፤ በአንድ ማሽን ላይ የተከፈቱ አምስት ፕሮግራሞች አምስት ዓይነት መልክ ይዘው ሊታዩ ይችሉ ነበርና። ሆኖም የዴስክቶፕ ገጽታ፣ በተለምዶ ቴም የሚባለው፣ ታሪክ በሙሉ የተወለደው ከዚህ ውሳኔ ነው።

የኤክስ 11ኛ ስሪት የወጣው በ1987 ሲሆን እስከ ዛሬ በብዙ ማሽን ላይ የሚሠራው እርሱ ነው። በዚያው ዓመት ቶም ላስትሬንጅ የተባለ ፕሮግራመር ቲደብሊውኤም የተባለውን የመስኮት አስተዳዳሪ ጻፈ። የመስኮት አስተዳዳሪ በእያንዳንዱ መስኮት ዙሪያ ጠርዝና የራስጌ አሞሌ እያበጀ መስኮቶቹን የሚያንቀሳቅስ፣ የሚያሳንስና የሚዘጋ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው፤ አንዱን አጥፍቶ ሌላውን መተካት ይቻላል። ቲደብሊውኤም ቀለሙን፣ የጠርዙን ውፍረት፣ ፊደሉንና ሜኑውን የሚያነበው በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነበር። የሌሎች ፕሮግራሞች ቀለምና ፊደልም በሌላ የጽሑፍ ፋይል ይታዘዝ ነበር። በአንድ መስመር የፕሮግራሙ ስም፣ የክፍሉ ስምና የሚፈለገው ቀለም ይጻፋል፤ ፋይሉ ይጫናል፤ ፕሮግራሙ እንደገና ሲከፈት አዲሱን መልክ ይዞ ይመጣል። ቀለሞቹ በቁጥር ብቻ ሳይሆን በስምም ይጠሩ ነበር፤ ከኤክስ ጋር ይመጣ ከነበረው የቀለም መዝገብ ብዙዎቹ ስሞች ኋላ ወደ ድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋ ተሻግረው ዛሬም ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች ይጽፏቸዋል። ገጽታ የሚባል ነገር ገና አልነበረም፤ ዋናው ሐሳብ ግን ሙሉ ሆኖ ነበር፦ መልክ የሚቀመጠው በተጠቃሚው ፎልደር፣ ማንም ከፍቶ ሊያነበውና ሊያርመው በሚችል ፋይል ነው።

ቀላልነት የራሱ ጥበብ የሆነው ሊኑክስ በ1991 ከተጀመረ በኋላ፣ 4 ወይም 8 ሜጋባይት ሜሞሪ ባላቸው ተራ የቤት ኮምፒውተሮች ላይ መሥራት ሲጀምር ነው። ለዩኒቨርሲቲ ማሽኖች የተጻፉ ፕሮግራሞች በእነዚህ ላይ ሲከፈቱ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፍ ነበር። ሮበርት ኔሽን በ1993 የቲደብሊውኤምን ኮድ ወስዶ የሜሞሪ ፍጆታው እንዲቀንስ አድርጎ አሻሻለው፤ ኤፍቪደብሊውኤም ተባለ። የተቀነሰው ሜሞሪ ግን መልኩን አላደኸየውም። ኤፍቪደብሊውኤም ያኔ በንግድ ፈቃድ ይሸጥ የነበረውን ሞቲፍ የተባለ የኮድ ክምችት ከፍ ዝቅ ያለ የሚመስል ጠርዝ አስመስሎ ያሳይ ነበር፤ ከእርሱ የወጣ አንድ ዝርያ ደግሞ የዊንዶውስ 95ን መልክ ሳይቀር ቀዳ። ብዙ መልክ በትንሽ ሜሞሪ የማሳየት ፍላጎት ከዚህ ጀምሮ ከቀላል ዴስክቶፖች አልተለየም።

ተቃራኒውን መንገድ የሄደው ካርስተን ሃይትዝለር ነው። ሥራውን የጀመረው ኤፍቪደብሊውኤምን በማሻሻል ሲሆን በ1997 ኢንላይትንመንት የተባለውን የመስኮት አስተዳዳሪ ለሕዝብ አወጣ። በኢንላይትንመንት ላይ የመስኮቱ ጠርዝ በመስመርና በቀለም ብቻ አይሣልም፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሥዕል ነው። ጠርዙ የዛገ ብረት፣ የተጠረበ ድንጋይ ወይም የጠፈር መርከብ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ አራት ማዕዘን መሆን እንኳ አይጠበቅበትም። ገጽታ በአንድ ጥቅል ታስሮ ከአንዱ ተጠቃሚ ወደ ሌላው የሚተላለፍ፣ የራሱ ስምና የራሱ ሠዓሊ ያለው ነገር የሆነው በእነዚህ ዓመታት ነው። ሙዚቃ ማጫወቻዎችም ወደዚሁ ገቡ፤ ኤክስኤምኤምኤስ የተባለው የሊኑክስ ማጫወቻ ለዊንዶውሱ ዊንአምፕ የተሠሩትን ገጽታዎች እንዳሉ ያነብ ነበር። በወቅቱ ከተሠሩት ገጽታዎች ብዙዎቹ ዛሬ ሲታዩ የተጨናነቁ ናቸው፤ የሠሪዎቹ ድፍረት ግን ኋላ በመጡት ሥራዎች ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

የመስኮት አስተዳዳሪ የሚያስጌጠው ዙሪያውን ብቻ ነው። በመስኮቱ ውስጥ ያሉትን አዝራሮች፣ ሜኑዎችና የጽሑፍ ሣጥኖች የሚሥለው ቱልኪት የሚባለው የተዘጋጀ የኮድ ክምችት ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው የገጽታ ታሪክ የቱልኪት ታሪክ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተማሪ የነበሩት ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ ጊምፕ የተባለውን የሥዕል ማረሚያ ሲጽፉ መጀመሪያ የተጠቀሙት ሞቲፍን ነበር። በነጻ የሚሰራጭ ፕሮግራም በሚሸጥ ቱልኪት ላይ መደገፉ ስላልተስማማቸው የራሳቸውን ጻፉ፤ ጂቲኬ ተባለ። የመጀመሪያው ዋና ስሪቱ በ1998 ወጣ። በ1999 በወጣው 1.2 ስሪት ላይ ደግሞ ሬድ ሃት በተባለው የሊኑክስ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ሃይትዝለርና ኦዌን ቴይለር ያበጁት የገጽታ ሞተር የሚባለው አሠራር ተጨመረ።

የሞተሩ አሠራር ኋላ ለመጣው ችግር ቁልፍ ስለሆነ በቅጡ መታየት አለበት። የጂቲኬ ገጽታ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው ጂቲኬአርሲ የሚባል የጽሑፍ ፋይል ሲሆን ቀለምን፣ ፊደልንና ክፍተትን ይናገራል። ሁለተኛው ሞተሩ ራሱ ነው፤ ይህ በማሽን ቋንቋ የተጠናቀረ፣ በእያንዳንዱ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ አዝራሩን በተግባር የሚሥል ኮድ ነው። ተራው ተጠቃሚ የጽሑፉን ፋይል በግል ፎልደሩ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ሞተሩን ግን አብዛኛውን ጊዜ በአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በጋራ ፎልደር ውስጥ መጫን ነበረበት። ገጽታው የጠየቀው ሞተር ከሌለ ጂቲኬ ሳይቆም ወደ ራሱ ተራ አሣሣል ይመለሳል። ለዓመታት አዲስ ተጠቃሚዎችን ግራ ሲያጋባ የኖረው፣ ገጽታው ተመርጦ ቀለሙ ብቻ የሚለወጥበት ሁኔታ መነሻው ይህ ነው።

በእነዚህ ሁለት ታሪኮች መገናኛ ላይ የቆመው ኤክስኤፍሲኢ ነው። ፈረንሳዊው ኦሊቪዬ ፉርዳን በ1996 ሲጀምረው ለትላልቅ የዩኒክስ ማሽኖች ይሸጥ የነበረውን ሲዲኢ የተባለ ዴስክቶፕ ለማስመሰል አስቦ ነበር። የተጠቀመበት ኤክስፎርምስ የተባለው ቱልኪት ምንጩ ክፍት ስላልነበረ፣ ሬድ ሃት ፕሮግራሙን ከስርጭቱ፣ ማለትም ካዘጋጀው የሊኑክስ ጥቅል፣ ጋር እንዲያካትት ሲጠየቅ አልተቀበለውም። ፉርዳን ሁሉንም በጂቲኬ እንደገና ጻፈው፤ በ1999 የወጣው 3ኛው ስሪት ክፍት ምንጭ ሆነ። በ2003 የወጣው 4.0 ደግሞ እንደገና ከመሠረቱ ተሠርቶ በጂቲኬ 2 ላይ ቆመ። ኤክስኤፍሲኢ ከዚያ ወዲህ የያዘው ባሕርይ ብዙም አልተለወጠም፤ ሙሉ ዴስክቶፕ ነው፣ በአሮጌ ማሽን ላይ ይሠራል፣ ገጽታውንም ተጠቃሚው ሊከፍተው በሚችል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል።

የኤክስኤፍሲኢ የመስኮት አስተዳዳሪ ገጽታ የቆመው በኤክስፒኤም ሥዕሎች ላይ ነው። ኤክስፒኤም በ1989 በፈረንሳይ በቡል ኩባንያ የምርምር ማዕከል የተፈጠረ የሥዕል ዓይነት ነው። ልዩ የሚያደርገው ፋይሉ ራሱ ጽሑፍ መሆኑ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ በአንድ ወይም በጥቂት ፊደላት ይወከላል፣ የፊደላቱ ቀለም ከላይ ይዘረዘራል። ለመስኮቱ ማዕዘኖች፣ ለጎኖቹ፣ ለራስጌው አምስት ቁራጮችና ለእያንዳንዱ አዝራር ለየብቻው ሥዕል አለ፤ መስኮቱ ሥራ ላይ ሲሆን፣ ሳይሆንና አዝራሩ ሲጫን የሚታየውም እንዲሁ ለየብቻው ነው። ከሥዕሎቹ ጋር ቴምአርሲ የሚባል አጭር የጽሑፍ ፋይል የፊደሉን ቀለም፣ የርዕሱን አሰላለፍና የአዝራሮቹን አቀማመጥ ይናገራል። የዚህ አሠራር ብልኅነቱ በሥዕሉ ውስጥ ያለው ቀለም ቋሚ እንዲሆን አለማስገደዱ ነው፤ ሠሪው ከፈለገ ነጥቦቹን ቀለም ሳይሆን የቀለም መጠሪያ ያሸክማቸዋል፣ አስተዳዳሪውም ያንን መጠሪያ በወቅቱ ከተመረጠው የጂቲኬ ገጽታ ቀለም ይሞላዋል። አንድ የመስኮት ጠርዝ በዚህ መንገድ ከብዙ ገጽታዎች ጋር ይስማማል።

ብላክቦክስ ሥዕልን እርግፍ አድርጎ ተወ። ብራድ ሂውዝ በ1997 የጻፈው ይህ የመስኮት አስተዳዳሪ መልኩን የሚያገኘው ከሒሳብ ነው፤ የገጽታው ፋይል ከዚህ ቀለም ወደዚያ ቀለም ከላይ ወደ ታች ይሸጋገር፣ ከፍ ያለ ይምሰል የሚል ትእዛዝ ብቻ ይይዛል፣ ፕሮግራሙም ሽግግሩን ራሱ አስልቶ ይሥላል። አንድ ሙሉ ገጽታ ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ ጽሑፍ አይበልጥም። ከብላክቦክስ በ2001 ፍላክስቦክስ፣ በ2002 ኦፕንቦክስ ተገነጠሉ። ኦፕንቦክስ ብዙም ሳይቆይ በዳና ጃንሰንስ መሪነት ከመሠረቱ እንደገና ሲጻፍ የብላክቦክስ ኮድ አልቀረበትም፤ የገጽታው ፋይል አጻጻፍ ግን የብላክቦክስን አካሄድ ተከትሏል። በትናንሽ ስርጭቶች ላይ የገነነው ይህ ቤተሰብ ነው። ከ50 ሜጋባይት እንዳይበልጥ ተብሎ የተሠራው ዳም ስሞል ሊኑክስ ፍላክስቦክስን ይዞ ተሰራጨ። በአውስትራሊያዊው ባሪ ካውለር በ2003 የተጀመረው ፓፒ ሊኑክስም ለረጅም ጊዜ የተጠቀመው በዚሁ መንፈስ የተሠራውን፣ መልኩን ከጽሑፍ ፋይል የሚያነበውን ጄደብሊውኤምን ነው። ጥቁርና ግራጫ ለብሶ የታወቀው ክራንችባንግ ደግሞ ኦፕንቦክስን መርጦ እስከ 2015 ቆየ።

ሁሉም ዴስክቶፕ ገጽታዎቹን በየራሱ ቦታ ማስቀመጡ ያስከተለውን መበታተን ለማስቀረት የተነሣው በ2000 በሃቮክ ፔኒንግተን የተመሠረተው ፍሪዴስክቶፕ ነው። እዚያ በተጻፉት ስምምነቶች መሠረት አዶዎች የት እንደሚቀመጡ፣ እንዴት እንደሚፈለጉና አንዱ የአዶ ስብስብ የጎደለውን ከሌላው እንዴት እንደሚወርስ ተወሰነ፤ ምንም ካልተገኘ የሚታየው ሃይከለር በተባለው መነሻ ስብስብ ያለው ነው። ሌላው ስምምነት የተመረጠውን ገጽታ ስም ለተከፈቱ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተላልፍ መልእክተኛ ፕሮግራም እንዲኖር አደረገ። ቀድሞ ገጽታ ሲለወጥ ፕሮግራሞችን መዝጋትና መክፈት ያስፈልግ ነበር፤ ከዚህ በኋላ አንድ ስም ሲመረጥ ሁሉም መስኮት በዚያው ቅጽበት ይለወጣል። የዚህ ሥራ ጥቅም ከተጠቃሚው ዓይን የተሰወረ በመሆኑ ምስጋናው ሁልጊዜ ከሚገባው ያንሳል።

በ2000ዎቹ የጸናው የአጫጫን ልማድ እንዲህ ነው። ገጽታው በታመቀ ጥቅል ይወርዳል። ተጠቃሚው በግል ፎልደሩ ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምርና ስለዚህም በተለመደው ዕይታ የማይታይ ቴምስ የተባለ ፎልደር ይፈጥራል፤ ለአዶዎችና ለማውዝ ቀስቶች ደግሞ አይከንስ የተባለ ሌላ ያበጃል። ጥቅሉ በዚያ ይፈታል፣ ከዚያ በዴስክቶፑ ማስተካከያ ውስጥ ካለው ዝርዝር ስሙ ይመረጣል። በኤክስኤፍሲኢ የመስኮቱ ውስጥና የመስኮቱ ዙሪያ በሁለት የተለያዩ ማስተካከያዎች ስለሚመረጡ አንዱን ለውጦ ሌላውን የረሳ ተጠቃሚ ግማሽ የተለወጠ ዴስክቶፕ ያገኛል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሌላ እንቅፋት ጥቅሉ ሲፈታ ፎልደር በፎልደር ውስጥ መደራረቡ ነው፤ ሥርዓቱ ገጽታውን የሚፈልገው በአንድ ደረጃ ጥልቀት ብቻ ስለሆነ የተደራረበውን አያየውም፣ ስሙም በዝርዝሩ አይወጣም። የአዶ ስብስብ ሲታረም ደግሞ ለፍጥነት የተዘጋጀው የአዶ ማውጫ ካልታደሰ አሮጌው አዶ መታየቱን ይቀጥላል። ለሁሉም ተጠቃሚ እንዲሆን ከተፈለገ ፎልደሩ በሥርዓቱ የጋራ ቦታ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ይቀመጣል።

በ2002 የወጣው ጂቲኬ 2 ለኢትዮጵያ ቋንቋዎች የተለየ ትርጉም ነበረው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ጂቲኬ 2 ደግሞ ጽሑፍን ሁሉ በዩኒኮድ ስለሚይዝ በማንኛውም አዝራርና ሜኑ ላይ ግዕዝ ፊደል ማሳየት ተቻለ። ከቱልኪቱ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጀው የአማርኛ መጻፊያም ነበር፤ ለትግርኛም በኢትዮጵያና በኤርትራ አጻጻፍ ተዘጋጅቷል። የፊደል ፋይል የሚጫነውም እንደ ገጽታው ሁሉ በግል ፎልደር ውስጥ በማስቀመጥ ብቻ ነው። ነገር ግን ገጽታዎቹን የሠሩት ሰዎች በዓይናቸው ፊት የነበረው የላቲን ፊደል ነው። በኤክስኤፍሲኢ የራስጌው ቁመት የሚወሰነው በሥዕሎቹ ቁመት ስለሆነ ፊደሉን ማተለቅ ራስጌውን አያተልቀውም፤ የቅጥያቸው ልዩነት በትንሽ መጠን የማይለየው የግዕዝ ፊደላት በጠባቡ ራስጌ ውስጥ ይጨናነቃሉ። ኦፕንቦክስ የራስጌውን ቁመት ከፊደሉ መጠን ተነሥቶ ስለሚያሰላ አማርኛ የሚያነብ ተጠቃሚ በእርሱ ላይ ፊደሉን እንደ ልቡ ማሳደግ ይችላል። በሥዕል የተሠራው ራስጌ ችግር ኋላ ነጥቦቻቸው እጅግ የረቀቁ ስክሪኖች ሲመጡ ለሁሉም ሰው ተገለጠ፤ ኤክስኤፍሲኢ በ2015 በወጣው 4.12 ስሪት ላይ የመነሻ ገጽታውን በትላልቅ ሥዕሎች የተዘጋጁ ሌሎች ቅጂዎች አክሎ አቀረበ።

በ2006 ታይዋናዊው ሆንግ ጄን ዪ ፒሲማንኤፍኤም ከተባለው ፋይል ማሰሻ ተነሥቶ ኤልኤክስዲኢ የተባለውን ዴስክቶፕ ጀመረ። ኤልኤክስዲኢ የራሱን የመስኮት አስተዳዳሪ አልጻፈም፤ ኦፕንቦክስን ተዋሰ። ለገጽታ መምረጫ ኤልኤክስአፒራንስ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ሠራ፤ ይህ ፕሮግራም ከዴስክቶፑ ውጭም ስለሚሠራ የመስኮት አስተዳዳሪ ብቻ ለሚጠቀሙ ሰዎች ሁሉ መሣሪያ ሆነ። በዚህ ዴስክቶፕ ላይ የቆመው ሉቡንቱ በ2011 የኡቡንቱ ስርጭት ይፋዊ ቤተሰብ አባል ሆነ፤ በኤክስኤፍሲኢ ላይ የቆመው ዙቡንቱ ከ2006 ጀምሮ አባል ነበር።

ገጽታ ከማያውቁት ሰው የሚወሰድ ፋይል መሆኑ አደጋውን የገለጠው በ2009 መጨረሻ ነው። ገጽታዎችና ማስጌጫዎች ከሚሰራጩበት ትልቅ ማከማቻ የወረደ አንድ የስክሪን ማሳረፊያ፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ጠይቆ በሚጫን ጥቅል ተሸፍኖ የኮምፒውተሩን ባለቤት ሳያስፈቅድ ሌላ አገልጋይ ማሽንን የሚያጠቃ ትእዛዝ ይዞ ተገኘ። በ2024 ደግሞ ኬዲኢ በተባለው ትልቅ ዴስክቶፕ ላይ የተጫነ አንድ ገጽታ በኮዱ ውስጥ በነበረ ስሕተት የአንድ ተጠቃሚን ፋይሎች አጠፋ። በሁለቱም ጉዳቱን ያደረሰው ቀለምና ሥዕል አይደለም፤ ከእነርሱ ጋር ተጣብቆ የመጣ፣ ትእዛዝ የሚፈጽም ኮድ ነው። የኦፕንቦክስ ወይም የኤክስኤፍሲኢ የመስኮት ገጽታ ሥዕልና የቀለም ዝርዝር ብቻ ስለሆነ የሚፈጽመው ትእዛዝ የለም። የገጽታው ዓለም ድሃ መስሎ የሚታይበት ይህ ጎኑ ትልቁ ጥንካሬው ነው።

በ2011 የወጣው ጂቲኬ 3 ሞተርን ቀስ በቀስ እየተወ ወደ ሲኤስኤስ፣ ድረ ገጽ ወደሚታነጽበት የመልክ ቋንቋ፣ ተሻገረ። ለውጡ በሐሳብ ደረጃ ትክክል ነበር። ገጽታው ከተጠናቀረ ኮድ ወጥቶ እንደገና ጽሑፍ ሆነ፤ ድረ ገጽ መሥራት የሚያውቅ ሁሉ ገጽታ መሥራት ቻለ። በተግባር ግን የቱልኪቱ አዘጋጆች የውስጡን ስያሜ በየስሪቱ ይለውጡት ስለነበር በፀደይ የተሠራ ገጽታ በመጸው ይበላሽ ነበር። በ2016 የወጣው 3.20 የክፍሎቹን ስም በሙሉ ሲለውጥ ከዚያ በፊት የተሠሩት ገጽታዎች አንድ ሳይቀሩ እንደገና መጻፍ ነበረባቸው፤ በትርፍ ጊዜያቸው ያለ ክፍያ ይሠሩ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ በዚያው ተዉት። ሥራውን የቀጠሉት ደግሞ አንዱን ገጽታ ለሁሉም ዘመን ማዘጋጀት ነበረባቸው። ዛሬ አንድ በደንብ የተያዘ ገጽታ ሲፈታ በውስጡ ለጂቲኬ 2፣ ለጂቲኬ 3፣ ለጂቲኬ 4፣ ለኤክስኤፍሲኢና ለኦፕንቦክስ የተለያዩ ንዑስ ፎልደሮች ይገኛሉ፤ በመጀመሪያው የቀድሞው ጂቲኬአርሲ፣ በቀጣዮቹ ሲኤስኤስ፣ በአራተኛው ሥዕል፣ በመጨረሻው የሒሳብ ቀለም አለ። የዙቡንቱ መለያ ሆኖ የቆየው ግሬይበርድም ለበርካታ የጂቲኬ ስሪቶች የተዘጋጀ ነው።

ክርክሩ ከቴክኒክ ወደ መብት ያለፈው በግንቦት 2019 ነው። የግኖም ዴስክቶፕ ፕሮግራሞችን የሚጽፉ ሰዎች በግልጽ ደብዳቤ፣ ስርጭቶች በፕሮግራሞቻቸው ላይ የራሳቸውን ገጽታ እንዳይጭኑ ጠየቁ። ምክንያታቸው ተጨባጭ ነበር፤ ገጽታው ያበላሸው አዝራር ቅሬታ ይዞ የሚመጣው ወደ ፕሮግራሙ ጸሐፊ ነው። ደብዳቤው ተጠቃሚው በገዛ ማሽኑ ላይ የሚያደርገውን አልተቃወመም። ይሁን እንጂ በ2021 የመጨረሻ ቀን የወጣው ሊብአድዋይታ 1.0 የተባለው የግኖም የኮድ ክምችት በሥርዓቱ የተመረጠውን ገጽታ የማይቀበል ሆኖ ተሠራ። በእርሱ የተጻፈ ፕሮግራም በኤክስኤፍሲኢ ላይ ሲከፈት የራሱን መልክ ይዞ፣ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ይታያል። ተጠቃሚው የገጽታውን የጂቲኬ 4 ፋይል በግል ማስተካከያ ፎልደሩ ውስጥ በማስቀመጥ ሊያስገድደው ይችላል፤ ውጤቱ ግን ዋስትና የለውም። ሊኑክስ ሚንት የተባለው ስርጭት በ2024 የተወሰኑ ፕሮግራሞችን ወደ ቀድሞ የጂቲኬ 3 ስሪታቸው የመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። የግኖም ሰዎች ሥራቸውን በአንድ መልክ ለማቅረብ መፈለጋቸው የሚገባ ነው፤ ይሁንና ከኤክስ ጀምሮ ለተጠቃሚው ተትቶ የነበረ ውሳኔ በዚህ መንገድ ወደ ጸሐፊው መሻገሩ አይካድም።

ጂቲኬ 2 ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ጥገናው ቆሟል። ኤልኤክስዲኢ ይህ ከመሆኑ ዓመታት ቀድሞ መንታ መንገድ ላይ ነበር፤ ሆንግ ጄን ዪ ወደ ጂቲኬ 3 ከመሄድ ይልቅ ኪውቲ የተባለውን ሌላ ቱልኪት መረጠ፤ ሥራው በ2013 ራዞር ከተባለ ተመሳሳይ ፕሮጀክት ጋር ተዋሕዶ ኤልኤክስኪውቲ ሆነ። ሉቡንቱም በ2018 ወደዚያ ተሻገረ። በዚህ ዴስክቶፕ ላይ የፓነሉ መልክ በሲኤስኤስ አምሳያ ጽሑፍ ይጻፋል፣ አዝራሮቹን ብዙ ሰው በቬክተር ሥዕል የሚሠራውን ክቫንተም የተባለ ሞተር ጭኖ ይለውጣቸዋል፣ በመስኮቱ ዙሪያ ግን የተለመደው ኦፕንቦክስ ቆየ። ኤክስኤፍሲኢ በበኩሉ ጂቲኬ 3ን የተቀበለው በነሐሴ 2019 በወጣው 4.14 ነው፤ የስያሜ ለውጡ ካበቃ በኋላ መሆኑ ገጽታ ሠሪዎቹን ከብዙ ድካም አድኗቸዋል።

በክሪስቲያን ሆግስበርግ በ2008 የተጀመረው ዌይላንድ አሁን ኤክስን ቀስ በቀስ እየተካ ነው። በዌይላንድ ላይ የመስኮት አስተዳዳሪና የስክሪን ሥርዓት አንድ ፕሮግራም ሆነዋል፤ የመስኮት አስተዳዳሪን ብቻ ነቅሎ መተካት አይቻልም፣ ስለዚህ የቀድሞዎቹ አስተዳዳሪዎች ገጽታዎች ሁሉ ከጥቅም ውጭ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ላብደብሊውሲ የተባለው ቀላል የዌይላንድ ፕሮግራም ግን የኦፕንቦክስን የገጽታ ፋይል እንዲያነብ ተደርጎ ተጻፈ። በጥቅምት 2024 የራስበሪ ፓይ ትናንሽ ኮምፒውተሮች ሥርዓት ላብደብሊውሲን መነሻው አደረገ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የወጣው ኤክስኤፍሲኢ 4.20 በሙከራ ደረጃ በዌይላንድ ላይ ሲሠራ የራሱ አስተዳዳሪ ገና ስላልተሻገረ በቀዳሚነት የሚጠራው ላብደብሊውሲን ነው፤ በዚያን ጊዜ የመስኮቱን ዙሪያ የሚሥለው ከገጽታው ፎልደር የኤክስኤፍሲኢውን ሥዕሎች ትቶ የኦፕንቦክሱን የጽሑፍ ፋይል በማንበብ ነው።